እርግጠኛ ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም

የተከበሩ ታናሽ እህቷ፤ አንተም ልጇ፤ የተከበሩ የተቋማችን ኃላፊ፤ ባልደረቦቼ፤ ተማሪዎቿ፤ ጎረቤቶቿ። ደግሞ እናንተ እዚያ ከኋላ በምርኩዝ ተደግፋችሁ የቆማችሁ፣ እዚህ ካለው ሰው አብዛኛው የማያውቃችሁ፣ እኔ ግን እስከ መለያ ቁጥራችሁ የማውቃችሁ አባቶችና እናቶች። ሁላችሁንም እንደየክብራችሁ እጅ ነስቻለሁ።

ወንበር ያመጣችሁልኝ ልጆች፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልቀመጥም። ከሞተች ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ቁጭ ስል እግሬ ይነሳል፣ ስነሳ የምሄድበት የለኝም። ዛሬ ጠዋት ይቺን ከረባት አራት ጊዜ አስሬ አራት ጊዜ ፈታኋት። አሁንም ጠማማ መሆኗን አይቻለሁ፣ አትንገሩኝ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። እኔ የዚህች ሴት ጎረቤት ነኝ። የቤት አይደለም፣ የጠረጴዛ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠረጴዛችን ተጋጥሞ ኖሯል። ሥራችን ሰው ከልጅነቱ እስከ እርጅናው እንዴት እንደሚለወጥ ማጥናት ነው። እሷ ታስባለች፣ ትጽፋለች፣ ታስተምራለች። እኔ ሰዎች የመለሱትን ወደ ቁጥር እለውጣለሁ። ስለዚህ «አባ ቁጥር» ትለኝ ነበር። ተማሪዎቿ ደግሞ እሷን «እትዬ መሰላል» ይሏታል። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ኃላፊያችን በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «አደራ አጠር አድርገው። ስለ መጽሐፉ ተናገር፣ በእርጋታ ኖራ በእርጋታ ሄደች በል፣ ይበቃል» አሉኝ። በቅን ልቦና ነው ያሉት። ነገር ግን እሷ ቀድማቸዋለች። ከመሞቷ ስድስት ቀን በፊት እጄን ይዛ፣ «መቃብሬ ላይ ቆመህ ውሸት ብትናገር አልለቅህም» ብላኛለች። እና እሷን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አልለቅም ካለች አትለቅም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሥራ አለብኝ። አንዱ እሷን መሸኘት ነው። ሌላው እኔን የሚያሳፍር ነገር በሰው ፊት መናገር ነው። ሁለተኛውን ሳላደርግ የመጀመሪያው አይሆንልኝም።

እስቲ አንድ ክፍል ይዣችሁ ልግባ። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። የኋላው መደዳ ላይ የሚያንቀላፉ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ሸብተው ቆመዋል፣ ስም አልጠራም። ኮሪደሩ ያን ሳምንት ቀለም እየተቀባ ነበር። በሩ ብርግድ አለና እትዬ ገባች። በትከሻዋ ምን ተሸክማ? የቀለም ቀቢውን መሰላል! ከኋላዋ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «ኧረ እትዬ፣ ሰውዬው ይፈልገዋል!» እያለች ትከተላታለች።

«ያዢልኝ» አለቻትና መውጣት ጀመረች። የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ ቆማ፣ «እዚህ ሕፃን ነን፤ የምንማረው ሰውን ማመን ነው» አለች። ወጣች። «እዚህ ጎረምሳ ነን፤ እናትና አባታችን ምንም አያውቁም።» ክፍሉ ሳቀ። ወጣች። «እዚህ ሠራተኛ ነን፣ ወላጅ ነን፤ ጊዜ የለንም፣ እንቅልፍም የለንም።» ወጣች። ጫፉ ላይ ደረሰች። ጭንቅላቷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እዚህ ሰባ ዓመት ነው» አለች። «አንዱ መምህር ሰውነት እንደ ጫማ ያልቃል ይላችኋል። ሌላው ከተወለድን ጀምሮ የተሞላ ሰዓት አለን፣ ሰዓቱ ሲጨርስ እንጨርሳለን ይላችኋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ራሱ ቀስ እያለ ከሰው መሀል ይወጣል ይላችኋል። ሁሉም ስለ መውረድ ነው የሚያወሩት። እኔ ስለ መውጣት ነው የምነግራችሁ። እዚህ ላይ ፍርሃት ይቀንሳል። ቁጣ ይቀንሳል። ጸጸት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሰው ይረጋጋል።»

ታዲያ ይህን ስትል መሰላሉ ወዲያና ወዲህ እያለ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች። መጨረሻ ላይ አላስቻላትም። «ኧረ እትዬ በእናትዎ ይውረዱ! በጣም የሚንቀጠቀጠው እኮ እላይ ያለው ነው!» ብላ ጮኸች።

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እትዬም እዚያው ጫፍ ላይ ሆና ሳቀች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ መሰላሉ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። የጽዳት ሠራተኛዋን ቃል የጻፈው ሰው አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈለን ሰው የሚናገረውን ለመጻፍ ነበር፤ ያን ግን አልጻፍነውም።

አሁን ስለ ሥራው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩን። በየአምስት ዓመቱ እንጠራቸዋለን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል። መስኮቷ ገጥሞ አያውቅም፣ ቅጽ አጥፈን ነበር የምንደግፈው። ሁለት ወንበር፤ አንዱ ለአረጋውያን ትራስ አለው። አንድ ብርጭቆ ውሃ። አርባ ጥያቄ። ግማሹን ሰው እሷ ትጠይቃለች፣ ግማሹን እኔ።

ሌላውን ጥያቄ ሁሉ እርሱት። ጥያቄ ቁጥር አሥራ ዘጠኝን ያዙልኝ። «በአሁኑ ጊዜ ልብዎ ምን ያህል የተረጋጋ ነው? ከአንድ እስከ አምስት ይንገሩኝ። አንድ ማለት ምንም አልተረጋጋም። አምስት ማለት ፍጹም ተረጋግቷል።» ይኸው ነው። ወጣቶቹ ሁለት ይላሉ፣ ሦስት ይላሉ። አረጋውያኑ አራት ይላሉ። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር መልሱ ይጨምራል። መስመሩን የሳልኩት በዚች እጄ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ የሚያምር። እሷ መስመሩን አይታ እንባ አቀረረች። «አየህ አባ ቁጥር፣ መጨረሻው ደግ ነው» አለችኝ።

መጽሐፉ ታተመ። የእሷ ስም ከላይ፣ የእኔ ከታች፣ ትንሽ አነስ ብሎ። በየትምህርት ቤቱ ገባ። በየሐኪም ቤቱ ገባ። ከዚያ ምን ሆነ? አንዲት ሴት ቢሯችን ድረስ መጥታ አመሰገነችን። «እናቴ መናገር አቁማ ነበር፣ ተጨንቄ ነበር፣ መጽሐፋችሁን ሳነብ ግን የዕድሜ እርጋታ መሆኑ ገባኝ፣ ተውኳት» አለች። እኛም እንኳን ደስ ያለሽ አልናት። አልናት እኮ! ያቺ እናት ዝም ያለችው ተረጋግታ ይሁን ወይ ሰሚ አጥታ ማን ጠየቃት? እኔ አልጠየቅኳትም። ይህን ሳስብ ነው መቀመጥ የሚያቅተኝ።

ምን አሉ አባቴ? አይሰማም? እሺ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

እንግዲህ በየዙሩ የሚቀር ሰው ነበር። የሥራችን ደንብ ቀላል ነው። ሦስት ጊዜ ስልክ ይደወላል። አንድ ደብዳቤ ይላካል። ካልመጣ ፋይሉ ሰማያዊው ካቢኔት ውስጥ ይገባል። ካቢኔቱ ላይ «ያቋረጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መቶ ሠላሳ ሰባት ሰው እዚያ ገባ። የውሃ ሽታ ሆኑ። እኔም ከስሌቱ አወጣኋቸው። ደንብ ነው፣ የሌለ ሰው አይደመርም።

እትዬ ጡረታ ወጣች። እናንተ ጡረታ ስትሉ ምን ይታያችኋል? ጋዜጣ፣ ፀሐይ፣ አልጋ። እሷ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ጥበቃው፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ተሸኝተዋል፣ ኬክ በልተናል» ቢላት፣ «ኬኩን እመልሳለሁ፣ በሩን ክፈት» አለችው። ሰማያዊውን ካቢኔት ከፈተች። ፋይሎቹን በዘንቢል ይዛ ወጣች። ከዚያ በየሰፈሩ በር ማንኳኳት ጀመረች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጉልበቷን ያማታል። እኔም በግልጽ ልናገር፣ አበደች ብዬ ነበር።

ከተንኳኳው በር አንዱን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያሉት፣ ግራጫ ባርኔጣ ያደረጉት፣ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። እንድናገር ፈቅደውልኛል። ስታንኳኳ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። በሩን ከፍተው አዩአትና ምን አሉ መሰላችሁ? «ጎሽ! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?» ብለው ተቆጡ። ደብዳቤያችን የተላከው ወደ ድሮ ቤታቸው ነው። ስልኩም የሚጮኸው እዚያው ነው። እሳቸው ልጃቸው ቤት ገብተዋል። እኛ አቋረጡ አልን፤ እሳቸው ደግሞ እኛን አቋረጡ አሉ።

አስገባቻት ልጃቸው። አባት ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። «ሊወጡ ነው እንዴ?» ብትላቸው፣ ልጃቸው ከወጥ ቤት ሆና፣ «ተያቸው እትዬ፣ አባቴ ፍቅር ይዟቸዋል!» ብላ ድስት አንኳኳች። እውነት ነው። ፎቁ ላይ የምትኖር፣ ከስልክ ኦፕሬተርነት ጡረታ የወጣች ሴት አለች። እሳቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ልጃቸው አኩርፋለች። ወንድማቸውን በአጥር ጉዳይ ከሰዋል። ሞትን ይፈራሉ፤ ፈርተው ደግሞ የፀጉር ቀለም ገዝተዋል። እትዬ ጥያቄ አሥራ ዘጠኝን ጠየቀቻቸው።

«አንድ ተኩል» አሉ።

«ግማሽ የለንም» አለቻቸው።

«እንግዲያው አንድ። በዚህ ሁሉ ጣጣ መሀል ማን ነው የሚረጋጋው? አንቺ ትረጋጊያለሽ?»

ይስቃሉ አይደል አባቴ? ይሳቁ። እሷም ያን ቀን መንገድ ላይ ብቻዋን እየሳቀች ነው የሄደችው። ግን ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ነገርም ነግረዋታል። ስልካችንና ደብዳቤያችን ባያገኛቸውም ቢሯችንን ያውቁታል፣ በእግራቸው መምጣት ይችሉ ነበር። ለምን እንዳልመጡ ነግረዋታል። እሷ ያን ለእኔ አልነገረችኝም። ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። እመለስበታለሁ።

ዘጠና በር አንኳኳች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ከዘጠናው ሰው ውስጥ የተረጋጋ አለ፣ አዎ። የሚያለቅስም አለ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ማንበብ የጀመረች አለች። ባሏን በሰባ አራት ዓመቷ ፈትታ ክፍል የተከራየች አለች። አርባ ዓመት ያልተናገረውን ነገር ሊናገር ሰው የሚፈልግ አለ። እነሱን ስትጨምር መስመሩ አይወጣም። ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል።

«መሰላሉ ልክ አይደለም» አለችኝ። «ቀድመን አውቀናል ብለን ነው የጻፍነው። እናርመው።»

እኔ ምን አልኩ? እናንተ ፊት እደግመዋለሁ፣ አፌን እያቃጠለኝም ቢሆን። «እትዬ፣ መጽሐፉ አንዴ ታትሟል። በእርጅናችን መሳቂያ እንሁን እንዴ? ተይው። ሆድ ይፍጀው» አልኳት።

«የኔ ሆድ ሞልቷል፣ ቦታ የለውም» አለች።

«በዚህ ዕድሜ ተሳስተናል ልትዪ ነው?»

«ታዲያ በየትኛው ዕድሜ ልበል? ሌላ አለህ እንዴ?»

ተቆጣሁ። ስለ ናሙና አወራሁ፣ ስለ ዘዴ አወራሁ። ዘጠና ሰው ምን አላት አልኩ። እሷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ደብተሯን አጥፋ ወጣች። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ዓመት ከሁለት ወር አላናገርኳትም። የተቋሙ በር ላይ ስንገናኝ ሰላምታችንን ጥበቃው ነበር የሚያደርሰው። «እትዬ ሰላም ብለዎታል።» «ሰላም በላት።» አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት! ሁለት ሽማግሎች! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ መስኮቱን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ ይኸው ልጇ ደወለልኝ። «እናቴ ቅጹን ይዞ ይምጣ ብላለች» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ስድስት አልጋ ያለው የሆስፒታል ክፍል ነው። የእሷ መስኮቱ ጋ ነው። ከስታለች። ብርድ ልብሱ ላይ የመጫወቻ ካርታ ተዘርግቷል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሥራ። ቅጹን አምጥተሃል?» አለች። «ሰባ ሰባት ሞልቶኛል። ሰው ስንጠይቅ ኖረን ለምንድነው እኔን ማንም የማይጠይቀኝ? ጻፍ።»

ጠየቅኳት። ጥያቄ አራት፣ «በሳምንት ስንት ቀን በእግርሽ ትሄጃለሽ?» ስላት፣ «እስከ ሽንት ቤት ይቆጠራል?» አለች። «ይቆጠራል» አልኳት። «እንግዲያው ሯጭ ነኝ።» ጥያቄ አሥራ አንድ፣ «በዚህ ዓመት አዲስ የተማርሽው ነገር አለ?» ስላት ካርታውን አሳየችኝ። ነርሷ አስተምራታለች። ሦስት ጊዜ ተሸንፋለች፣ ለአራተኛው እየተዘጋጀች ነው። ስትነግረኝ ዓይኗ ላይ እልህ አለ፤ የእውነት እልህ።

ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ ደረስን። «በአሁኑ ጊዜ ልብሽ ምን ያህል የተረጋጋ ነው? ከአንድ እስከ አምስት።»

«አንድ» አለች።

እኔም፣ አስቡት፣ ሳላስበው፣ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ወደ እሷ ገፋ አድርጌ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሳቀች ሳቀች፣ ሳሉ ያዛት፣ ነርሷ እየሮጠች መጣች። እሷ በአንድ እጇ ነርሷን እየገፋች በሌላው ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «ያዝኩህ! አባ ቁጥር ያዝኩህ!» ትላለች። ምኑን እንደያዘችኝ አልገባኝም ነበር።

ሳሉ ሲለቃት ነገረችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ለምን እንደቀሩ። እንዲህ ነበር ያሏት፦ «ያ ቁጥር የሚጽፈው ልጅ ጥሩ ሰው ነው። ግን አንድ ስለው እርግጠኛ ነዎት ይለኛል። ውሃ ይሰጠኛል። በሐዘን ያየኛል። ምስኪን፣ ሊያለቅስብኝ ነው ብዬ እሺ አራት በለው ልጄ እለዋለሁ። ሰው በገዛ ሆዱ እርግጠኛ ካልሆነ በምን ሊሆን ነው? ሰለቸኝ፣ ቀረሁ።»

አራት በለው ልጄ። ይህ ቃል ስንት ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል! ስንት እናት፣ ስንት አባት እዚያ ትራስ ላይ ተቀምጠው ብለውኛል! ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ሁለት ሲለኝ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀጣይ እላለሁ። ሰባ ዓመት የሆናቸው ሁለት ሲሉኝ ግን እርግጠኛ ነዎት እላለሁ። ከክፋት አይደለም። አሳዘኑኝ። በዚህ ዕድሜ እንዴት ያልተረጋጋ ሰው ይኖራል? እናቴን ይመስሉኛል። እነሱ ደግሞ እኔን አዩኝ። ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ አዩ። አዘኑልኝ። እኔን ሊያጽናኑኝ ቁጥራቸውን ከፍ አደረጉልኝ።

«ለምን ያኔ ቤቴ ስትመጪ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ናሙና ታመጣብኝ ነበር» አለች። «ራስህን በጆሮህ እስክትሰማ ጠበቅኩ። ትንሽ ዘገየህ እንጂ።»

ዓመት ከሁለት ወር! ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቀች፣ የእኛ ነው ብላ ልትሸከመው ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። «እናርመው» ነው ያለችኝ፤ «አርመው» አላለችኝም። እኔ አባረርኳት። ልጇ፣ እህቷ፣ ይህን ስላልነገርኳችሁ ይቅር በሉኝ።

ከዚያ አንድ ያለችበትን ምክንያት ነገረችኝ። ሳልጠይቃት። «እፈራለሁ» አለች። «ተናድጃለሁም። አርባ ሰባት በር ይቀረኛል። ከልጄ ጋር የጀመርነው ወሬ አላለቀም። ነርሷን አላሸነፍኳትም። በሰባ ሰባት ዓመቴ ገና ምን እንደምሆን ሳላውቅ ልሄድ ነው። አንድ ነው። ጻፍ።» ጻፍኩ። እጄን ያዘችኝና አደራውን ሰጠችኝ። «በሰላም ሄደች እንዳትል። እነዚያ ሽማግሎች ይሰሙሃል። ካልተረጋጉ እነሱ ብቻ እንደተሳሳቱ ይመስላቸዋል።»

ቤቴ ገባሁ። አምስት ቀን ሠራሁ። እሷ የጠየቀቻቸውን ሰዎች ለብቻ፣ እኔ የጠየቅኳቸውን ለብቻ አደረግኩ። የእሷ መስመር አይወጣም አይወርድም፣ ዶሮ የጫረው ነው። ቀጥ ብሎ የሚወጣው የእኔ ብቻ ነው። የሚያምረው መስመር፣ እሷን ያስለቀሳት መስመር፣ የእኔ «እርግጠኛ ነዎት» ነው። በስድስተኛው ቀን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ሆስፒታል ሄድኩ። «ልክ ነሽ» ልላት። ሁለት ቃል ነው። አልጋው ተነጥፎ ነበር። ነርሷ ካርታውን በላስቲክ አስራ ይዛ ቆማለች። «ትናንት ማታ አሸንፋኝ ነበር» አለችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች።

ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። እነሆ።

የተከበሩ ኃላፊያችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጠር አላደረግኩትም። መጽሐፉ ስህተት አለበት። ስህተቱ የሟች አይደለም፣ የቋሚ ነው። በመሰላሉ ስም ሊሰየም የታሰበውን አዳራሽ ቆዩበት። ሰኞ ጠዋት መጽሐፉ እንዲታረም ማመልከቻዬን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። ከዚያ ዘንቢሉን ከልጇ ተቀብዬ የቀሩትን አርባ ሰባት በሮች አንኳኳለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ምን ላድርግ? ያቺ እናቷ ዝም ያለችባት ሴትም አድራሻዋ አለኝ። መጀመሪያ የማንኳኳው የእሷን በር ነው።

እናንተ ከኋላ የቆማችሁ አባቶችና እናቶች። ለእኔ ብላችሁ አራት ያላችሁ። እንዳልከፋ ብላችሁ ሆዳችሁን የደበቃችሁ። እኔ እናንተን እያጠናሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እናንተ ናችሁ ስታሳድጉኝ የኖራችሁ። ይቅር በሉኝ። እቤታችሁ ስመጣ የሆነውን ንገሩኝ። አንድ ካላችሁ አንድ እጽፋለሁ።

እትዬ፣ እትዬ መሰላል። ጎረቤቴ።

አላሳመርኩሽም። በሰላም ሄደች አላልኩም። ፈርተሽ፣ ተናደሽ፣ ካርታ አሸንፈሽ ሄድሽ። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ እውነቷን ነበር፤ በጣም የሚንቀጠቀጠው እላይ ያለው ነው። አንቺ እዚያ ላይ ሆነሽ እየሳቅሽ ቆየሽ። እኔ ታች ሆኜ የያዝኩሽ መስሎኝ ነበር። አልያዝኩሽም።

ልጆች፣ አፈሩን ከማልበሳችሁ በፊት አንድ አፍታ ታገሱኝ።

አሁን ሁላችሁም እየመጣችሁ ትከሻዬን ትይዙኛላችሁ። «አይዞህ፣ ደህና ነህ?» ትሉኛላችሁ። አይደለሁም። ልቤ ስንት ነው? አንድ ነው። እባካችሁ ደግማችሁ አትጠይቁኝ።

አንቺንም ደግሜ አልጠይቅሽም። ቅጽሽ ላይ አንድ ተጽፏል፣ በእኔ እጅ፣ በቀለም። ልክ ነሽ፣ እትዬ። ደህና ሁኚ።